«መጀመሪያ ሱሱን ይተው» ለምንለው ወንድማችን



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ጁምዓ ሙባረክ! ሱረቱል ካህፍን ቀራችሁ? በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት አበዛችሁ? ካልሆነ ቀኑ ገና አላለቀም። የዛሬው ማስታወሻችን ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለራሳችሁ ባያስፈልጋችሁ ለጓደኛችሁ፣ ለወንድማችሁ ያስፈልገው ይሆናል።

እስቲ አንድ ወጣት እናስብ። ስም አንሰጠውም፤ ሁላችንም አንድ እንደ እሱ ያለ ሰው እናውቃለንና። ቤቱ ቀየት ነው እንበል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ኑሮው ገብስና በግ ነው፣ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ይህ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቷል። መጀመሪያ የሄደበት እንቅልፉ ነው። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ልቡ መምታት ጀመረ። ከሰው ጋር ሲቀመጥ ሁሉም ስለ እሱ የሚያወራ ይመስለዋል። ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ ይናገር? «ጨነቀኝ» ቢል «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» ይሉታል።

አንድ ቀን ጓደኛው «ና እስቲ ትንሽ ቃም፣ ይረሳሃል» አለው። ጫት በውርጭ አገር አይበቅልም፤ ግን በመኪና ይደርሳል። እውነትም ከሰዓቱ ቀለለው። ምርቃናው ሲመጣ ተናገረ፣ ሳቀ፣ ነገ የሚሠራውን ሁሉ አቀደ። ማታ ግን እንቅልፍ የለም። ያንን ለመስበር ጨብሲ ተባለ፤ አረቄው እዚያው ሰፈር ነው። ጠዋት ሲነሳ የትናንቱ ጭንቀት እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። ከሰዓት ሐራራው መጣ። ቃመ። እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። ሱብሂ ቀረ፣ ከዚያ ጀማዓ ቀረ፣ ከዚያ ጁምዓም ቀረ። ዛሬ ብቻውን ያወራል፤ እናቱን ሳይቀር ይጠረጥራል።

አሁን ከሶላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ የሚባለውን ስሙ። አንዱ «ጫቱ ነው ያበላሸው፣ መጀመሪያ እሱን ይተው» ይላል። ሌላው «የለም፣ ጂን ነው፣ ይቀራበት» ይላል። ሦስተኛው «ኢማኑ ደክሞ ነው» ይላል። አራተኛው ምንም አይልም፤ ልጁ ሲያልፍ ግን ልጆቹን ወደ ግቢ ያስገባል። ሐኪም ቤት ቢሄድም አንዳንዴ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። አንዱ ክፍል «መጀመሪያ ሱሱን ትተህ ና» ይለዋል። ሱስ የሚታከምበት ሲሄድ ደግሞ «መጀመሪያ አእምሮህን ታከም» ይሉታል። በሁለት በሮች መካከል ቆሞ ይቀራል።

የዛሬው መልእክታችን አንድ ነው። ሱሱና የአእምሮ ህመሙ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ነው ያሉት፤ ስለዚህ አብረው ይታከማሉ። አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም ቤት በሁለት በኩል ሲቃጠል በአንድ በኩል ብቻ ውኃ እንደ መድፋት ነው።

ወንድሜ፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳህ። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሥራው ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ከፍ ያደርጋል፤ ምርቃና የምንለው ይህንን ነው። ሲወርድ ደግሞ ስሜቱን ይዞ ይወርዳል፤ ድብርቱ፣ ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ የዚያ ውጤት ነው። አሁን ልብ በል። ሰው የሌለ ድምፅ ሲሰማ ወይም ሁሉ ጠላቴ ነው ሲል የሚሰጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህንኑ ዶፓሚን በመግታት ነው። ታዲያ ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ ከሰዓት የሚቅም ሰው ምን እያደረገ ነው? በአንድ እጁ በሩን እየዘጋ በሌላው እየከፈተ ነው። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ አልሠራለትም» ይላሉ። መድኃኒቱ አልሰነፈም፤ ግማሹ ህመም ሳይታከም ስለቀረ ነው።

በተቃራኒውም ተመልከተው። አንድ ሰው ወኔ ሰንቆ ጫቱን ቢተው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ድካም፣ ድብርት፣ ሌሊት የሚያስጮህ ዱካክ ይመጣል። ይህ በራሱ ያልፋል። ነገር ግን ከጫቱ በፊት የነበረ ድብርት ካለበት ድብርቱ አያልፍም። ሰውየው በሦስተኛው ሳምንት «ትቼም ያው ነኝ» ብሎ ተመልሶ ይቅማል። እኛ «ቃሉን የማይጠብቅ» እንለዋለን። እሱ ግን ቃሉን ጠብቆ ነበር። ያልታከመው ህመሙ ነው ጎትቶ የመለሰው።

ስለዚህ «የትኛው ቀደመ?» የሚለው ክርክር ለሐኪሙ ታሪክ መውሰጃ ይጠቅም ይሆናል። ለእኛ ለወንድሞቹ ግን ምንም አይፈይድም። የቱም ይቅደም፣ ዛሬ ሁለቱም አሉ።

እዚህ ላይ እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከእኛ ዞን ራቅ ብሎ በደቡብ፣ በቡታጅራ አካባቢ፣ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ነበር። ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከተጠየቁት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ግማሽ ያህሉ በዚያን ጊዜ ጫት ይቅሙ ነበር። ለምን እንደሚቅሙ ሲጠየቁ ከቃሚዎቹ 80 በመቶው ምን አሉ መሰላችሁ? «ለዱዓና ለኢባዳ ሐሳባችንን እንዲሰበስብልን» ነው ያሉት። ሱብሃነላህ! ወደ አላህ ለመቅረብ ብለው የጀመሩት ነው። ማንም ሰው ለመታመም ብሎ አይጀምርም። አንዱ ለማጥናት፣ አንዱ ለሾፌርነት ሥራው፣ አንዱ ለኢባዳ፣ አንዱ ደግሞ በዞናችን ባለፉት ዓመታት ያየውን ግጭትና መፈናቀል ለመርሳት ይጀምራል። ወንድምህን «ለምን ጀመርክ?» ብለህ ከመውቀስህ በፊት ምን አሞት እንደጀመረ ጠይቀው። ሕክምናው ከዚያ ጥያቄ ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ ዲናችን እንመለስ። ዲናችን በዚህ ላይ ምን ይለናል?

አንደኛ፣ መታከም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ አዘዋል። አላህ (ሱ.ወ) ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። ይህ ሐዲስ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘንድ ይገኛል። «የሆድ በሽታ ሲሆን ታከሙ፣ የአእምሮ ሲሆን ደብቁ» አላሉም። ግመሉን ማሰርና መመካት አብረው እንደሚሄዱ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ሐዘንና ጭንቀት የኢማን ማነስ ማስረጃ አይደለም። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ እንዳዘኑ ቁርኣን በሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። የነቢይ ኢማን ደክሞ ነበር? አዑዙ ቢላህ! ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ የሚጠበቁበትን ዱዓ ያበዙ ነበር። አእምሮውን የሳተ ሰው እስኪመለስለት ድረስ ብዕር እንደተነሳለትም ነግረውናል። አላህ ያልጻፈበትን እኛ ለምን እንጽፍበታለን?

ሦስተኛ፣ በሱስ የተያዘ ሰው ከወንድምነት አይወጣም። በቡኻሪ የተዘገበውን የዚያን ሶሓባ ታሪክ አስታውሱ። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) የሚያስቅ ሰው ነበር። መጠጥ ግን አሸንፎት ደጋግሞ እየተያዘ ይቀርብ ነበር። አንድ ቀን ከተሰበሰቡት አንዱ ረገመው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። በሌላ ዘገባም በወንድማችን ላይ ሸይጧንን እንዳናግዝ ነግረውናል። ኃጢአቱን «ምንም አይደለም» አላሉም። ሰውየውን ግን አልጣሉትም። ሁለቱን መለየት የቻለ ሰው ሱሰኛን ማገዝ ይችላል።

«ሥጋንና ነፍስን አብሮ ማከም የፈረንጅ ሐሳብ ነው» የሚል ካለ አቡ ዘይድ አል-በልኺን ይወቅ። በ322 ዓ.ሂ. (በ934 እ.ኤ.አ.) የሞቱ የበልኽ ሙስሊም ሊቅ ናቸው። ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። የዘመናቸው ሐኪሞች ሰውነትን ብቻ አይተው ነፍስን ስለሚረሱ ወቅሰዋቸዋል። ሰው ከሁለቱም የተሠራ ነው፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይታመማል፣ ስለዚህ ሕክምናው ሁለቱንም መያዝ አለበት የሚል ነው ሐሳባቸው። ከሺህ ዓመት በፊት!

ታዲያ በተግባር ምን ይደረግ?

ወንድሜ፣ ራስህ ውስጥ ካለህበት ይህን ስማኝ። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ሁለቱንም ተናገር። «እንቅልፍ አጣሁ» ብለህ ጫቱን አትደብቅ። «ሱስ አለብኝ» ብለህም የምትሰማውን ድምፅ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚለውን ሐሳብ አትደብቅ። ሐኪም የሚያክመው የነገርከውን ነው።

በየቀኑ ብዙ አረቄ የምትጠጣ ከሆነ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቅ። ሐራም መሆኑን አውቀህ መተውህ ግዴታህ ነው፤ አላህ ያግዝህ። ግን ቤት ዘግተህ ብቻህን በአንድ ቀን አታቁም። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ መቃዠት ሊመጣበት ይችላል። ሕይወትም ያጠፋል። ለዚህ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሄደህ በሐኪም እጅ አቁም። ይህ ተውበትህን አያዘገየውም፤ በሰላም እንድትፈጽመው ያደርግሃል።

የድብርት መድኃኒት ከተጀመረልህ ለውጡን ለማየት ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለህ አትጣለው። ሲሻልህም በራስህ አታቋርጥ። ረመዳን ሲመጣ የመድኃኒቱን ሰዓት ለማስተካከል ቀደም ብለህ ሐኪምህን ጠይቅ። አላህ ለታመመ ሰው ጾምን አግርቷል፤ እሱ ያቀለለልህን አንተ አታክብደው።

የት ልሂድ ትላለህ? ከቅርብህ ጀምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ድብርት፣ ሳይኮሲስ፣ የአልኮልና የሌላ ዕፅ ሱስ አንድ ላይ ነው የተቀመጡት። የተጻፈውም ስፔሻሊስት ላልሆነ የጤና ባለሙያ ነው። በአገራችንም በዚህ መመሪያ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች አሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያህን ጠይቅ። እዚያ ካልሆነልህ ለመንዙ ሰው መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ፣ ለመርሐቤቴው ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታል አለ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዳለ ጠይቅ፤ ከሌለ ሪፈር ይጻፉልህ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከበድ ካለ አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል ገባ» መባል ያሳፍርሃል? ወላሂ፣ ታክሞ መዳን አያሳፍርም።

መንገዱ ሩቅ መሆኑን እናውቃለን። አንዳንዴም ይዘጋል። ትራንስፖርቱ ገንዘብ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ቀሪው መልእክት ለጓደኛና ለጀማዓው የሆነው።

ጓደኛው ከሆንክ፣ «ተው» ብለህ መክረህ አትሂድ። አብረኸው ሂድ። የቀጠሮውን ቀን አስታውሰው። በርጫ የሚቀመጥበት ከሰዓት ላይ ና በለው፤ ኳስ ይሁን፣ እርሻ ይሁን፣ ዐስርን በጀማዓ ይሁን፣ ያቺን ሰዓት ሙላለት። ሰው የሚወድቀው ባዶ ሰዓት ላይ ነው። መቶ ነፍስ ያጠፋውን ሰውዬ ሐዲስ ታስታውሳለህ? ዓሊሙ የተውበት በር ክፍት መሆኑን ነግሮት ብቻ አልተወውም። ካለበት አገር ወጥቶ ደጋግ ሰዎች ወዳሉበት እንዲሄድ መከረው። የሚቀበለው ደግ ጀማዓ ባይኖርስ ኖሮ የት ይሄድ ነበር? ለወንድምህ ያንን ጀማዓ አንተ ሁንለት።

ተመልሶ ቢቅም ወይም ቢጠጣ «አለቀለት» አትበል። በዚህ ህመም ውስጥ መውደቅና መነሳት አለ። እንደገና ወደ ሐኪሙ መልሰው።

ስለ መሞት ካወራ ደግሞ ቀልድ አታድርገው። በግልጽ ጠይቀው፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብቻውን አትተወው። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቅ። ያን ቀን ሳታሳድር ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው።

እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድም ለሆናችሁ፣ ቁርኣን ይቀራበት፣ ሸሪዓ የፈቀደው ሩቅያ ይደረግለት፣ በረካ አለው። ግን በሩቅያ ስም አይገረፍ፣ በሰንሰለት አይታሰር፣ መድኃኒቱ አይጣልበት። ቁርኣኑ የሐኪሙን ካርድ አይቀድድም። ሁለቱም ሰበብ ናቸው፣ ሽፋውን የሚሰጠው አንድ አላህ ነው።

ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን፣ አላህ ይጠብቃችሁ፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ከሚንበሩ ላይ ስለ ጫትና ስለ መጠጥ ጉዳት ስትነግሩን በዚያው ቀን ስለ ሕክምናውም ንገሩን። የተጨነቀው ልጅ ኋላ ሶፍ ላይ ተቀምጦ እየሰማችሁ ነው። «ጥፋት ነው» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ከወጣ ዳግም ላይመጣ ይችላል። «ጥፋት ነው፣ ግን መውጫ አለው፣ እኛም አብረንህ ነን» የሚለውን ከሰማ ደግሞ ሶላቱ እንዳለቀ ቀርቦ ሊያናግራችሁ ይችላል።

ወደዚያ ወጣት እንመለስ። ዛሬ ጁምዓ ነው። ሰው ከመስጂድ ሲወጣ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ይሆናል። ዛሬ እንኳ ስለ እሱ ማውራቱን ትተን እሱን እናናግረው። ሰላም እንበለው። ቤቱ ድረስ አብረን እንሂድ። «ሰኞ ሐኪም ቤት እኔ ነኝ የምወስድህ» እንበለው። መሳፈሪያውን ከአሥር ሰው አሥር አሥር ብር ማዋጣት ያቅተናል?

ይህን የምታነበው አንተው ራስህ ከሆንክ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አላህ አልጣለህም። ሁለት ሸክም ተሸክመህ እስከ ዛሬ ቆመሃል። አሁን ሁለቱንም አውርድ፤ አንዱን ደብቀህ አትቅር። ለአንድ ለምታምነው ሰው ዛሬ ከመግሪብ በፊት ንገር።

አላህ ሆይ፣ በሱስና በጭንቀት የተያዙ ወንድምና እህቶቻችንን አሽራቸው። ልባቸውን አረጋጋ፣ እንቅልፋቸውን መልስላቸው፣ ወደ መስጂድህ መልሳቸው። የሚያክሟቸውን አግዝ። እናቶቻቸውን አጽናና። እኛንም ለወንድሞቻችን በር የምንከፍት አድርገን እንጂ የምንዘጋ አታድርገን። አሚን።

ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት። ሰለዋት አንርሳ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።